ጠበል የሸሸሁበት ጥምቀት

ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ በቅጡ አልነግራችሁም። እኔ፣ ባለቤቴ የመጨረሻዋን ልጃችንን ወልዳ አራስ በነበረችበት ዓመት ነው እላለሁ፤ እሷ ደግሞ «የለም፣ ያን ጊዜስ አራስ የነበርሁት በመካከለኛው ልጅ ነው» ትለኛለች። የወለደችው እሷ ናትና ትብለጠኝ ብዬ እተወዋለሁ። ብቻ ደርግ ነበረ። መሠረተ ትምህርት ተምሬ ያችን የምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ ከሰቀልሁ በኋላ ነው። ወሩን ግን አልስትም፤ ጥምቀት ነበርና ጥር ነው። በዕድሜዬ እንደዚያ ያፈርሁበት ቀን ስለሌለ የጠዋቱ ብርድ እንኳ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ቤታችን ደባርቅ ነው፤ ከገበያው አለፍ ብሎ፣ ወደ ሊማሊሞ ከሚወስደው መንገድ ዳር። ከቤቱ ፊት አንዲት ጠባብ ክፍል ለይቼ ማሾ እጠግን ነበር። ለማያውቅ ልንገር፤ ማሾ ላምባ ተሞልቶ፣ በእጅ እየተነፋ የሚበራ መብራት ነው። ያን ጊዜ ለሠርጉም፣ ለተዝካሩም፣ ለማኅበሩ ስብሰባም እሱ ነበር ከቤት ቤት የሚዞረው። የላምባው እንፋሎት የሚወጣባት ቀዳዳ ከመርፌ ጫፍ አትበልጥም። ጥላሸት ከያዛት ማሾው ያለቅሳል እንጂ አይበራም። እኔም በቀጭን ሽቦ እሷን ስጠርግ ነው የኖርሁት ቢባል ውሸት አይሆንም።

ትምህርቴ ትንሽ ነው። በልጅነቴ ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ጀምሬ፣ ሳልጨርስ ወጣሁ። መሣሪያ የሚባል ነገር ግን ነፍሴ ነው። ራዲዮን ነበረችኝ። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፤ ለአንድ ሁለት ቀን ነፍስ ይዘራል። የዜና ሰዓት ሲደርስ ሰው ደጄ ላይ ይሰበሰባል። ከደጋው ከጊች ገብስ ጭነው የወረዱ ሰዎች በቅሏቸውን ከደጅ አስረው ይቀመጣሉ። የጦር ሜዳው ዜና ሲነበብ ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል፤ አስተያየት ያለው የለም፤ እኔም የለኝም። የሳይንሱ ወሬ ሲመጣ ግን አንገቱ ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል።

«እህ አያ ወንፊት፣ ይኸንስ ምን ትላለህ?»

ወንፊት ያሉኝ ወሬውን ስለምነፋው ነው። ሳይንስ እወድ ነበር፤ እንዲያው የራዲዮኗን ጀርባ ከፍቼ ሽቦዎቿን ማየት ከምግብ ይሻለኝ ነበር። ግን የሰማሁትን ሁሉ አልውጥም። ያን ጊዜ ራዲዮኑ ተፈጥሮን ድል እናደርጋለን፣ ምርት እጥፍ እናደርጋለን የማይልበት ቀን አልነበረም። እኔ ደግሞ አንድ ሕግ ነበረኝ። በቅሎ የሚሸጥ ሰው ርግጫዋን አያወራም። ስለዚህ ያልሆነለትን የማይነግረኝን ዜና በግማሽ ጆሮ ነበር የምሰማው።

ጨረቃ ላይ ሰው ወጣ የሚለውን አምኛለሁ። ከጊች የመጡ አንድ አዛውንት ጉድ ብለው «ምን አይተህ ነው የምታምን?» አሉኝ።

«ከዚያ ይዘው የመጡት ድንጋይ ነው ስለተባለ ነው፣ አባቴ።»

«ድንጋይ? ድንጋይ እዚህ መቼ ጠፋ?»

«እሱን ነው የምልዎ። ውሸታሞች ቢሆኑማ ወርቅ አገኘን ይሉን ነበር።»

ፈንጣጣ ከዓለም ጠፋ ሲል ደግሞ አልቀለድሁም። ግራ ዐይኔን በልጅነቴ ያጠፋው እሱ ነው። የክትባቱን ሰዎች ከአምቢኮ ወዲያ ማዶ በበቅሎም በእግርም ሲንከራተቱ አይቻቸዋለሁ። ሰው ልጁን እየደበቀ በድንጋይ ያባርራቸው ነበር፤ ሲነጋ ተመልሰው ይመጣሉ። ውሸታም ድንጋይ ተወርውሮበት አይመለስም። እጥፍ ያፈራል የተባለውን የገብስ ዘር ግን አልተቀበልሁም። የት እንደ ተዘራ፣ ውርጭ ያግኘው አያግኘው አልተነገረን። የጊች ሰዎችም «እስቲ ያ ዘር አንድ ጥቅምት ከኛ ጋር ይደር» ብለው ሳቁ። ከእናቱ ማሕፀን ውጭ ተጸነሰ ስለተባለው ሕፃን ሲጠይቁኝ «ይሆን ይሆናል፤ ግን ስንቷ ሞክራ እንዳልሆነላት ይንገሩኝ» ብዬ ለሁለት ከፈልሁት። እንዲህ ነበር ሥራዬ።

ከጓዳው መጋረጃ ወዲያ ደግሞ ሌላ ሰሚ ነበረች፤ ነበሩ ልበል እንጂ። የባለቤቴ እናት ናቸው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ከኛ ጋር ነበር የሚኖሩት። በኛ አገር አማትና አማች ይተፋፈራሉ። አንቱ ይባባላሉ፣ ከአንድ ገበታ አይቀርቡም፣ ፊት ለፊት አይተያዩም። ስለዚህ ሴትዮዋ ዜናውን ከመጋረጃው ጀርባ ጥጥ እየፈተሉ ይሰማሉ። የከበዳቸው ነገር ሲኖር ልጃቸውን ይልካሉ። ባለቤቴ ትወጣና «እናቴ፣ እውነት ነው ወይ? ትላለች» ትለኛለች። እኔ «ውሸት ነው በያቸው» ስል ከወዲያ በኩል ለስለስ ያለ ድምፅ ይመጣል፤ «ምነው፣ እንዝርቴ እንኳ ደስ ብሎት ነበር።» እሳቸው የተባለውን ሁሉ ያምኑ ነበር። የሰማዩንም፣ የባሕሩንም፣ የገብሱንም።

ታዲያ አንድ ቀን ራዲዮኑ በጎንደር ሐኪም ቤት ዐይናቸውን ሞራ የጋረዳቸው ሰዎች ዐይናቸው በመሣሪያ እየተቀደደ፣ ሞራው እየወጣ፣ እንደገና ማየት ጀመሩ አለ። ያየውን ሰው ደስታ አወራ፣ ያየችውን ሴት እልልታ አወራ። ያላየ ሰው ይኑር አይኑር ትንፍሽ አላለም። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ዐይን ማሾ ነው እንዴ» አልሁ፣ «ተፈትቶ፣ ተጠርጎ፣ ተመልሶ የሚገጠም?»

የሳቁን ነገር ምን ልበላችሁ። አንዱ ከመቀመጫው ሊወድቅ ነበር። ቀልዱ ከደጄ ወጥቶ ሄደ። ከጊዜ በኋላ ከዳባት የመጣ አንድ የበርበሬ ነጋዴ ማሾውን ሊያሠራ ተቀምጦ «አንድ ደባርቄ ምን አለ መሰለህ?» ብሎ የራሴን ቀልድ መልሶ ለእኔው ነገረኝ። ኮርቼ ነበር። ቀልዱን ያወራሁ ቀን ግን ባለቤቴ ከጓዳ አልወጣችም፤ ከመጋረጃውም ወዲያ ምንም አልተሰማም።

ዓመት አለፈ መሰለኝ፣ በቀኝ ዐይኔ ላይ ጉም ወረደ። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። መጀመሪያ የማሾው ብርጭቆ ጥላሸት ይዞ ነው ብዬ ጠረግሁ፤ ደጋግሜ ጠረግሁ። ከዚያ ቀዳዳዋ ጠፋችብኝ። ሽቦውን ይዤ በጣቴ እየዳበስሁ እፈልጋታለሁ፤ ሰው ሲመጣ የምፈልግ ሳይሆን የማስብ መስዬ እቀመጣለሁ። «ነገ ና» የምለው በዛ። ሰው ሰላም ሲለኝ በድምፁ ነው የምለየው። ጨነቀኝ፤ ግን ለማን ይነገራል? ዐይኔን ሞራ ጋረደኝ ብል መጀመሪያ የምሰማው መልስ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ቀልዱን የሠራሁት እኔ ነኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ማሾ ላምባ ልሞላ ቀዳሁ፤ ሞላሁ ብዬ ክብሪት አነሳሁ።

«ክብሪቱን ይተዉት!»

አማቴ ናቸው። በቀጥታ ሲያናግሩኝ የመጀመሪያቸው ነው።

«ላምባው ያለው መሬት ላይ ነው» አሉ፣ ቀስ ብለው። «እግርዎም ላይ አለ።»

ክብሪቱን አስቀመጥሁ። ከመጋረጃው ወዲያ እንዝርቱ ቆሟል። ኋላ፣ እንደ ወሬ አድርገው፣ «ያ ራዲዮኑ ያወራለት የጎንደር ሐኪም አሁንም ይኖር ይሆን?» አሉኝ።

«ሰው ቢሰማስ?» አልኋቸው። ሌላ ምንም አልመጣልኝም።

«ሰው የሚሰማው እኛ የነገርነውን ነው። ለማሾ ዕቃ ሊገዙ ሄዱ እንላለን።»

ገና ጥላ ጥላው ይታየኝ ስለ ነበር ብቻዬን ወደ ጎንደር ተሳፈርሁ። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ ድምፁ ያስታውቃል። ዐይኔን በመብራት አየና ሞራው ይወጣል አለኝ። እኔም ያ አመሌ አልለቀቀኝምና «አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ያልሆነለት የለም?» አልሁት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር።

«አለ» አለኝ። «የሚያቅተን አለ። ደኅና ሆኖ ሄዶም የሚያበላሸው አለ። ቤቱ ገብቶ ውሃ ያስነካ፣ ከባድ ያነሳ፣ ጎንበስ ብሎ የሰገደ ሰው ቁስሉ ይከፈትበታል። ከዚያ ወዲያ እኛም አንመልሰውም። አባቴ፣ እንዲፈታ እስክልዎ ድረስ ውሃ አይንካዎት፤ አይጎንበሱ።»

ያመንሁት ይኸን ጊዜ ነው። የበቅሎዋን ርግጫ ነገረኝ እኮ!

ዐይኔ ተሠራ። ከጎንደር ስመለስ ሁለቱም ጨለማ ነው፤ የግራው ድሮውንም ጠፍቷል፣ የቀኙ በሻሽ ታሽጓል። ሾፌሩ እጄን ይዞ ደባርቅ አወረደኝ። አማቴ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። እጄን አልያዙኝም፤ ነውር ነው። ዱላዬን በአንድ ጫፍ ያዙ፣ እኔ በሌላው ጫፍ። እንዲህ ሆነን ነው ቤት የገባን። መንገድ ላይ ምን ሆነህ ነው ላለኝ ሁሉ «ማሾ ፈንድቶብኝ» አልሁ። ማሾ ጠጋኝ ማሾ ፈነዳብኝ ሲል ለገበያው ምን እንደሚሆን አስቡት። ከቀልዱ ግን ይሻላል ብዬ ነው።

እንዲህ ሳለሁ ከተራ ደረሰ። አማቴ በልጃቸው በኩል «ዘንድሮ ይቅርብዎ» አሉኝ። ባለቤቴ አራስ ናት፣ እሷ አትወጣም። እኔም ብቀር ማን ይታዘበኛል? ነገር ግን የማሾ ፍንጣሪ ብቻ ያገኘው ሰው ከጥምቀት አይቀርም፤ ከቀረሁ ይጠረጥሩኛል አልሁ። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርሁም ነበር። አማቴ ዱላውን ይዘው መሩኝና ከሰው ኋላ ቆምን።

ታቦቱ ሲመጣ ከበሮው፣ ጸናጽሉ፣ እልልታው እየቀረበ መጣ። ከዚያ እንደ ነፋስ ያለ ድምፅ ሰማሁ፤ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ሲሰግድ የልብሱ ድምፅ ነው። እኔ አልሰገድሁም። አንገቴን እንኳ አልሰበርሁም። ልቤ መሬት ላይ ተደፍቷል፤ ሰው ግን የሚያየው ወገቤን ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል እንደ ባሕር ዛፍ ቀጥ ብዬ ቆምሁ።

«ማነው ያ የቆመ?» አለ አንዱ ከታች።

«ወንፊት አይደለም እንዴ!»

«ይኸንንም ነፋው በለኛ!»

ታቦቱ አልፎ ሰው ሲነሳ አንድ ከባድ እጅ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የቀበሌው ካድሬ ነው። በበዓሉ ዳር ቆሞ ሰው ሲታዘብ ነበር።

«ጓድ! ዛሬ አኮራኸኝ። ከዚህ ሁሉ ሰው ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ ላባደር! ሳይንስ የሚከታተል ሰው እንዲህ ነው!»

«ኧረ ጓድ፣ እኔስ ወገቤን አሞኝ ነው» አልሁ።

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ወዳጅ። «ቀስ በቀስ ነው።»

ስድብ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ። ከዙሪያዬ እግሮች ሲርቁ ሰማሁ፤ አጠገቤ ቦታ ሰፋ፣ ብርዱ ገባ። ያን ጊዜ ሃይማኖቱን ካደ መባል ማለት ምን እንደ ነበረ ለኖረበት መንገር አያሻም። ሞቼ እንኳ ማን ፍትሐት ያደርስልኛል እያልሁ ነበር ወደ ቤት የተጎተትሁት።

በዚህ ምክንያት ነው በማግሥቱም የወጣሁት። አማቴ አሁን በልጃቸው በኩል እንኳ አልላኩም፤ ራሳቸው «ነገ ውሃ ነው፤ ይተዉ» አሉኝ። እኔ ግን የካድሬውን ምስጋና ከላዬ ማጠብ ፈልጌ ነበር። ባሕረ ጥምቀቱ ዳር ብቆም፣ ሰው ቢያየኝ፣ ራቅ ብዬ ብቆም ምን አለበት አልሁ። «ኧረ ግድ የለም» አልሁ። ግድ ነበረው።

ጠበሉ ተባርኮ መረጨት ሲጀምር የሰው ጩኸት አንድ ላይ ወጣ። ሰው ወደፊት ሲጋፋ አማቴ በሌላው ጫፍ የያዙት ዱላ ከእጄ ተነጠቀ። ብቻዬን ቀረሁ። በስተቀኝ ነው በስተግራ ነው አላውቅም፤ ጎረምሶች በጣሳ እየቀዱ ወደ ኋላ ላለው ይረጩ ነበር። አንዲት ጠብታ እጄ ላይ ወደቀች። በረዶ ናት። ጋቢዬን ፊቴ ላይ ጠቅልዬ ዞርሁና ሸሸሁ። በጨለማ የሚሸሽ ሰው እንዴት እንደሚሸሽ ታውቃላችሁ፤ ሰው እየገፋሁ፣ እየተደናቀፍሁ።

አንዲት ሴት ጮኸች። «ኧረ ጠበል ሸሸ! ሰዎች፣ ያዙት! ጠበል ሸሸ!»

ጠበል የሚሸሽ ማን እንደሆነ ሁሉ ያውቃል። አራት ይሁኑ አምስት፣ ያዙኝ። እጃቸው ጠንካራ ነው፣ ድምፃቸው ግን የወንድም ነው።

«አይዞህ ወንድሜ፣ አይዞህ፤ አሁን ይለቅሃል።»

«ልቀቁኝ!» ብዬ ጮኽሁ።

«ጮኸ! ጮኸ! ተነካ! ተናገር፤ ማን ነህ?»

«ማሾ ጠጋኙ ነኝ! አታውቁኝም እንዴ?»

«ማሾ ጠጋኙንማ እናውቀዋለን! አንተ ማን ነህ? ከየት ያዝኸው?»

«ኧረ ምንም አልያዘኝም፤ ዐይኔን ነው...»

«ዐይኑን ነው የያዝሁት አለ! ስሙ፣ ዐይኑን ነው አለ! ሻሹን ፍቱለት፣ ጠበሉ ይግባለት!»

ክፋት የለባቸውም። እኔም ማሾ እየጠገንሁ እነሱም እያበሩ አብረን የኖርን ሰዎች ነን፤ ሊያድኑኝ ነበር። አንዱ ራሴን ወደ ታች ሲደፍቀኝ ሌላው በጆሮዬ በኩል የሻሹን ጫፍ ሲፈልግ ይሰማኛል። ጣሳው ሲቀዳም ሰማሁ። ያን ሐኪም አሰብሁት፤ «ከዚያ ወዲያ አንመልሰውም» ያለውን። አልቅሼ ነበር፤ እንባም ለዐይኔ ጥሩ ይሁን መጥፎ አላውቅም።

እንግዲህ በዚህ መካከል አንድ ነገር ራሴ ላይ ወደቀ። ነጠላ ነው። ከነጠላው ጋር የሰው ገላ መጣ፤ ራሴን በሁለት እጅ አቅፎ ደረቱ ውስጥ ሸሸገው።

«እጃችሁን አንሱ! እጃችሁን አንሱ እላለሁ! ጋኔንም የለበት፣ ካድሬም አይደል! ጎንደር ሄዶ ዐይኑን ተቀድዶ ነው! የተሰፋ ዐይን ነው! ውሃ ከነካው እስከ መቃብሩ አያይም!»

አማቴ ናቸው። ድምፃቸውን ከመጋረጃ ወዲህ ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ሁሉ ሰሙት። እሳቸውም ይኸን ሁሉ ዘመን አንቱ ያሉኝን በዚያ ሰዓት «ዐይኑን» አሉ፤ ልጃቸውን እንደሚሉ።

እጆቹ ለቀቁኝ። ከዚያ ከወዲያ ከበስተኋላ አንዱ፣ ማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም፣ «ዐይን ማሾ ነው እንዴ?» አለ።

ሳቁ ከባሕረ ጥምቀቱ ወዲህና ወዲያ ተነሳ። ሴቱ ሳቀ፣ ወንዱ ሳቀ፣ ይዘውኝ የነበሩትም ሳቁ። እኔ በአማቴ ነጠላ ውስጥ ሆኜ ፊቴ ሲቃጠል ይሰማኝ ነበር። ከራሳቸው ላይ ነጠላ የወረደባቸው ሴትዮ በሕዝብ መካከል ባዶ ራሳቸውን ቆመው ስለኔ እንዲጮኹ ያደረግሁ እኔ ነኝ። ከሳቁ ይልቅ ይኸ ነው የቆረጠኝ።

የነፍስ አባቴ ሳቁን ሰምተው መጡ። ነገሩን ካማቴ ሰሙ።

«ለኔም አልነገርኸኝ?» አሉኝ።

«አፈርሁ፣ አባቴ።»

«አይ ወንፊት! የኔንም ጆሮ ነፋኸው?» አሉና፣ «ለበሽተኛ ስግደቱ በልብ ነው። ጠበሉስ ዐይን ብቻ ነው እንዴ የሚያውቅ? ጫማህን አውልቅ፣ እግርህን አምጣ» አሉ። እግሬ ላይ፣ ከዚያ በሁለት መዳፌ አፈሰሱልኝ። አማቴ ነጠላውን ከራሴ ላይ ሳያነሱ ቆመው ነበር። አንድም ጠብታ ወደ ላይ አልወጣም።

ቀኑ ደርሶ ጎንደር ተመለስሁ፤ ሐኪሙ ሻሹን ፈታው። ብርሃን ገባ። ብርሃን ብቻ ነው መጀመሪያ የገባው፤ ነገሩን ለመለየት እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር ሰጠኝ። ስለዚህ መነጽር ራዲዮኑ አንድ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ሁሉን ነገር ያገዝፋል፣ ያቀርባል። ብርጭቆውን ልይዝ እጄን ስዘረጋ አየር ይዤ እመለሳለሁ። የመኪናውን ደረጃ ስወርድ መሬቱ ገና ሳልደርስበት የደረሰ መስሎኝ ወደቅሁ። ቢሆንም ቤቴ ስገባ ያችን የማሾ ቀዳዳ ከነጥላሸቷ አየኋት። እንደ ጉድጓድ ነበር የታየችኝ።

አማቴ ለአራሷ ገንፎ ይዘው ሲያልፉ ፊታቸውን እንደ ልማዳቸው በነጠላ ከለል አደረጉ። እኔም እንደ ልማዴ ዐይኔን ወደ ታች አደረግሁ። እጃቸውን አየሁት። የግራ እጃቸው ትንሿ ጣት ወደ ውጭ ተጣሞ ነበር፤ አብጦ፣ ሽሮ፣ ጠምሞ የቀረ። እንዲህ አልነበረም።

ባለቤቴን ብቻዋን ሳገኛት ጠየቅኋት።

«የጥምቀት ለታ ነው» አለችኝ። «ራስህን ስትይዝ አንዱ ሊያስለቅቃት ጣቷን ጎትቶ ሰበረው። እንዳልነግርህ አስምላኝ ነው።»

«ይኸን ሁሉ ጊዜ?»

«አንተ የት ታያለህ?» አለች።

እውነቷን ነው። በዚያች ጣት ዱላዬን እየያዙ ይመሩኝ ነበር፤ በዚያች ጣት ይፈትሉ ነበር። አንድ ቀን «ኡህ» ሲሉ አልሰማሁም፤ ምናልባት ከጥምቀት ወዲህ እንዝርቱ አንዳንዴ ይቆም የነበረው ለዚህ ይሆን? አላውቅም። ወጌሻ እንዲያይላቸው በልጃቸው በኩል ላክሁ። «ጣት ለእንዝርት ነው፤ እንዝርቱ ይዞራል» የሚል መልስ መጣ። እኔም ፊት ለፊት ሄጄ ላመሰግናቸው አስቤ አስቤ አልቻልሁም። አማትና አማች ነን። እሳቸው ነውሩን ለኔ ሲሉ በሕዝብ ፊት አፈረሱት፤ እኔ በቤቴ ውስጥ እንኳ ላፈርሰው አልደፈርሁም። ይኸ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ከዚያ ወዲያ ዜና ሰዓት ሰው መሰብሰቡን አልተወም፤ ሲስቁብኝ ሲስቁብኝ ሰለቻቸው። ሞራ የጋረደው ሰው ግን ከጊችም ከዳባትም ወደ እኔ መምጣት ጀመረ። «አያ ወንፊት፣ እውነት ነው ወይ?» ይለኛል። እኔም ሁሉን እነግረዋለሁ። የሚድነውን፣ የማይድነውን፣ መነጽሩን፣ ውሃውን፣ ስግደቱን፣ ለነፍስ አባቱ አስቀድሞ እንዲነግር። ሐኪሙ ሞራውን ያወጣልሃል፤ ከዚያ በኋላ ያችን ዐይን የሚጠብቅልህ ሰው ቤትህ ውስጥ አለህ ወይ? እለዋለሁ። ይኸንን የሚጠይቅ ዜና እስካሁን አልሰማሁም።

አንዳንዱ «አንተስ ማን ነበረህ?» ይለኛል። ያን ጊዜ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፤ ከመጋረጃው ወዲያ እንዲሰማ። «እኔን ያሻገሩኝ የባለቤቴ እናት፣ አማቴ ናቸው።»